ልጃችሁ 16 ዓመት ሲሞላው፦ የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለበት ወጣት በብሪታንያ ድጋፍ መጠየቅ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



በብሪታንያ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ልጅ የሚያሳድጉ ብዙ ወላጆቻችን ዲኤልኤ የሚባለውን የሕጻናት ድጋፍ ያውቁታል። ልጁ 16 ዓመት ሊሞላው ሲል ግን የጡረታና የሥራ መሥሪያ ቤቱ፣ ማለትም ዲደብሊውፒ፣ ደብዳቤ ይልካል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ በሕግ ፊት ራሱን የቻለ ጠያቂ ነው። በዲኤልኤ ምትክ ፐርሰናል ኢንዲፔንደንስ ፔይመንት፣ በአጭሩ ፒፕ፣ እንዲያመለክት ይጠየቃል። በተሰጠው የጊዜ ገደብ ውስጥ ካላመለከተ ዲኤልኤው ይቋረጣል። ካመለከተ ግን ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ መከፈሉ ይቀጥላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክራችን አንድ ነው፦ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ አታስቀምጡት።

የአእምሮ እድገት ውስንነት ስንል ከልጅነት ጀምሮ ያለ፣ አዲስ ነገር መረዳትን፣ ገንዘብ መያዝን፣ መንገድ ማወቅን፣ ከሰው ጋር መግባባትንና ራስን መንከባከብን የሚያከብድ ሁኔታ ማለታችን ነው። ዳውን ሲንድሮም ካለባቸው ብዙዎቹ፣ ኦቲዝም ካለባቸው ደግሞ የተወሰኑት ይህ ውስንነት አለባቸው። በንባብ ወይም በሒሳብ ብቻ ከመቸገር የተለየ ነው።

በማኅበረሰባችን ብዙዎች ድጋፉን የሚያጡት መብት ስለሌላቸው አይደለም። ቅጹ ላይም ሆነ በቃለ መጠይቁ ላይ «አልሐምዱ ሊላህ፣ ደህና ነው፤ ሁሉንም ይችላል» ስለሚሉ ነው። ይህ ጽሑፍ ሒደቱን ያስረዳል፤ ከሁሉም በላይ ግን ስለዚህ ልማዳችን ይነጋገራል።

፩. በልጁ ስም የሚቆመው ማን ነው?

ወጣቱ ጥቅማ ጥቅሙን ራሱ ማስተዳደር ካልቻለ ዲደብሊውፒ አንድ ሰው «አፖይንቲ» አድርጎ ይሾማል። ብዙ ጊዜ እናት ወይም አባት ይሆናል። ለዚህ ፍርድ ቤት መሄድም ሆነ ገንዘብ መክፈል አያስፈልግም። የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ወላጁንና ወጣቱን አነጋግሮ ይወስናል።

አፖይንቲው ቅጽ ይሞላል፣ ክፍያውን ይቀበላል፣ ለወጣቱ ጥቅም ያውላል፣ ለውጥ ሲኖር ያሳውቃል። የተሳሳተ መረጃ ሰጥቶ ከሚገባው በላይ ቢከፈል ተጠያቂው እሱ ሊሆን ይችላል። ሥልጣኑ በዲደብሊውፒ ጥቅማ ጥቅሞች ላይ ብቻ ነው፤ ስለ ሕክምናው ወይም ስለ ሌላ ንብረቱ ለመወሰን አያገለግልም። በእንግሊዝና በዌልስ ለእነዚህ ጉዳዮች የ2005ቱ የአእምሮ ብቃት ሕግ አለ።

፪. ፒፕ እንዴት ይጠየቃል?

ፒፕ በ2013 የተጀመረ ድጋፍ ነው። የወላጅ ገቢም ሆነ የቁጠባ መጠን አይታይበትም፤ የሚታየው ልጁ የሚያስፈልገው እገዛ ብቻ ነው። ሁለት ክፍሎች አሉት፦ የዕለት ኑሮና መንቀሳቀስ። በ2025–26 የዕለት ኑሮው መደበኛ ክፍያ በሳምንት 73.90 ፓውንድ፣ ከፍተኛው 110.40 ፓውንድ ነበር። ለመንቀሳቀስ ደግሞ 29.20 ወይም 77.05 ፓውንድ ይከፈል ነበር። መጠኑ በየዓመቱ በሚያዝያ ይከለሳል። በስኮትላንድ የሚኖሩ ወንድሞችና እኅቶች የሚያመለክቱት ለፒፕ ሳይሆን አደልት ዲስአቢሊቲ ፔይመንት ለሚባለው ነው።

ቀደም ሲል ዲኤልኤ ያልነበረው ወጣት በ0800 917 2222 ደውሎ ማመልከት ይጀምራል፤ አማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል። ለአዲስ አመልካች ክፍያው በአብዛኛው የሚታሰበው ከተደወለበት ቀን ጀምሮ ስለሆነ «መጀመሪያ ወረቀት ላሰባስብ» ብላችሁ አትዘግዩ። ከዚያ ቅጽ ይላካል፤ የመመለሻው ቀነ ገደብ አንድ ወር ገደማ ነው፤ ካልበቃችሁ ከማለፉ በፊት ደውላችሁ ተጨማሪ ጊዜ ጠይቁ።

ከቅጹ ጋር ማስረጃ አያይዙ፦ የትምህርት ቤቱን የድጋፍ ዕቅድ፣ የሐኪም ወይም የንግግር ሕክምና ባለሙያ ደብዳቤ፣ የመምህር ማስታወሻ፣ እናንተ ራሳችሁ ለአንድ ሳምንት የመዘገባችሁትን የዕለት ውሎ። በእንግሊዝ 14 ዓመት የሞላቸውና በቤተሰብ ሐኪማቸው ዘንድ የአእምሮ እድገት ውስንነት መዝገብ ላይ የሰፈሩ ሁሉ በየዓመቱ የጤና ምርመራ ማግኘት ይችላሉ። ልጃችሁ መዝገቡ ላይ መኖሩን ጠይቁ፤ ለጤናውም ለማስረጃውም ይጠቅማል።

፫. «ይችላል» ማለት ምን ማለት ነው?

ፒፕ የሚወሰነው በነጥብ ነው። አሥር የዕለት ኑሮ ተግባራትና ሁለት የመንቀሳቀስ ተግባራት አሉ፦ ምግብ ማዘጋጀት፣ መብላት፣ መድኃኒት መውሰድ፣ መታጠብ፣ መጸዳጃ መጠቀም፣ መልበስ፣ መነጋገር፣ ማንበብ፣ ከሰው ጋር መቀላቀል፣ ገንዘብ መያዝ፤ ከዚያም መንገድ አቅዶ መጓዝና በእግር መንቀሳቀስ። በአንዱ ክፍል 8 ነጥብ መደበኛውን፣ 12 ነጥብ ከፍተኛውን ክፍያ ያስገኛል።

ዋናው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ሕጉ አንድን ነገር «ይችላል» የሚለው ሰውዬው ያንን ነገር ያለ አደጋ፣ ተቀባይነት ባለው ሁኔታ፣ በሚያስፈልገው መጠን ደጋግሞ፣ በተመጣጣኝ ጊዜ ውስጥ ማድረግ ከቻለ ብቻ ነው። ደግሞም «አሁን ይህን አድርግ» እያለ የሚያስታውሰው ሰው ማስፈለጉ ራሱ እንደ እገዛ ይቆጠራል።

ዉዱእን እንውሰድ። እናት «ዉዱእ ያደርጋል፣ ይታጠባል» ትላለች። እውነት ነው። ግን በር ላይ ቆማ «አፍህን ተጉመጥመጥ፣ አሁን ፊትህን፣ አሁን ክንድህን፣ ቧንቧውን ዝጋ» እያለች ነው። ገላውን ሲታጠብም እንዲሁ፤ እሷ ከሌለች ውኃው ሙቅ ይሁን ቀዝቃዛ አይለይም፣ ሳሙናውም ሰውነቱ ላይ ይቀራል። ቅጹ ላይ መጻፍ ያለበት ይህ ነው፤ «ይታጠባል» የሚለው ብቻውን እውነቱን አያሳይም።

ሌላው ምሳሌ መስጂድ ነው። «ጁሙዓ ብቻውን ይሄዳል» የምትለው ዓረፍተ ነገር ብዙ ታስከፍላለች። ጠያቂው ይህን ሰምቶ «መንገድ ያውቃል» ብሎ ይመዘግባል። ነገሩ ግን እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ ለዓመታት የተመላለሰባትን አንዲት መንገድ ብቻ ያውቃል፤ መንገዱ ለጥገና የተዘጋ ቀን መሀል ላይ ቆሞ ይቀራል፤ ወደ ማያውቀው ቦታ ብቻውን ሄዶ አያውቅም። የማያውቀውን መንገድ ያለ ሰው እገዛ መከተል የማይችል ሰው 10 ነጥብ ያገኛል፤ የሚያውቀውን እንኳ የማይችል 12። ዝርዝሩን ካልተናገራችሁ ግን ዜሮ ሊሆን ይችላል።

ምዘናው በስልክ፣ በቪዲዮ ወይም በአካል ሊካሄድ ይችላል። ወላጅ አብሮ መገኘትና መናገር ይችላል። ታናሽ እኅቱን ወይም ወንድሙን አስተርጓሚ አታድርጉ፤ ልጆች ስለ ወንድማቸው ገመና ለማያውቁት ሰው መናገር ይከብዳቸዋል፣ ያሳጥሩታልም።

፬. ችግሩን መናገር በቀደር ማማረር ነውን?

ብዙ እናቶችን የሚያስጨንቀው ጥያቄ ይህ ነው። አላህ የሰጠንን ልጅ ጉድለት በወረቀት መዘርዘር ምስጋና ማጉደል አይሆንም ወይ?

ዑለማዎች ሁለት ነገሮችን ይለያሉ። በአላህ ውሳኔ ቅር ተሰኝቶ ማማረር አንድ ነገር ነው፤ መፍትሔ ሊሰጥ ለሚችል ሰው ሁኔታን በትክክል ማስረዳት ሌላ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በታመሙ ጊዜ ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ.) ስለ ትኩሳታቸው ሲጠይቋቸው ሕመማቸው የሁለት ሰው ያህል መሆኑን ከመናገር አልተቆጠቡም። ይህም በሰብር ላይ እንከን አልሆነም። ልጁን በጎረቤት ፊት ማማት ነውር ነው፤ የሚገባውን ሐቅ ለሚወስን ባለሙያ ሁኔታውን መግለጽ ግን ሐቁን ማስከበር ነው።

በሌላ በኩልም ድንበር አለ። የሌለ ችግር መጨመር፣ የሚራመደውን ልጅ አይራመድም ማለት ውሸት ነው፤ በውሸት የተገኘ ገንዘብም ሐራም ነው። በአገሩ ሕግም ወንጀል ነው። «መንግሥት ሀብታም ነው» የሚለው ሰበብ አላህ ዘንድ አያድንም። ሳታሳንሱ ሳታጋንኑ ተናገሩ፤ እውነቱ በራሱ በቂ ነው።

፭. ዩኒቨርሳል ክሬዲት፦ ከማመልከት በፊት አስሉ

ፒፕ ማግኘቱ የእናንተን ቻይልድ ቤኒፊት አይነካም። ዩኒቨርሳል ክሬዲት ግን የተለየ ነው። ወጣቱ በራሱ ስም ሲጠይቅ የወላጅ ገቢ ባይታይም፣ እሱ ማግኘት ሲጀምር እናንተ ስለ እሱ የምታገኙት ቻይልድ ቤኒፊትና የልጅ ተጨማሪ ክፍያ ይቆማል። በተፈቀደ ትምህርት ላይ ላለ ልጅ ቻይልድ ቤኒፊት እስከ 20 ዓመቱ ሊቀጥል ስለሚችል ለአንዱ ቤተሰብ መጠበቁ፣ ለሌላው ቶሎ ማመልከቱ ይሻላል። ሙሉ ጊዜ በሚማር ወጣት ላይም ደንቡ ጠበቅ ያለ ነው። ስለዚህ ከማመልከታችሁ በፊት በባለሙያ አስሉ።

ልጁ የፒፕ የዕለት ኑሮ ክፍያ ካገኘና እናንተ በሳምንት ቢያንስ 35 ሰዓት የምትንከባከቡት ከሆነ ደግሞ ኬረርስ አላወንስን ተመልከቱ። ከሥራ የምታገኙት ገቢ የራሱ ጣሪያ አለው።

፮. ገንዘቡ የልጁ አማና ነው

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ኒሳእ ገንዘባቸውን በአግባቡ መያዝ ስለማይችሉ ሰዎች ደንግጓል፦ ንብረት ለእነሱ በጅምላ አይለቀቅም፤ ከእሱ ግን ይመገባሉ፣ ይለብሳሉ፣ በመልካም ቃልም ይነገራቸዋል። አፖይንቲነት ከዚህ ጋር የሚስማማ ኃላፊነት ነው። ከገንዘቡ ለቤቱ ወጪ ተመጣጣኝ ድርሻውን መውሰድ ይቻላል። ልብሱ፣ ታክሲው፣ ትምህርቱ፣ መዝናኛው ከእሱ ይሸፈናል። ገንዘቡን ወደ አገር ቤት ለዘመድ መላክ ወይም የሌላውን ልጅ መኪና መግዛት ግን አማናን መብላት ነው፤ ዘመድ መርዳት ከፈለግን ከራሳችን እንርዳ። በአቅሙ ልክ ጥቂት ገንዘብ በእጁ ስጡት፤ የሚወደውን ይምረጥ፣ መግዛትም ይለማመድ።

ተጠራቅሞ ሲበዛ ሁለት ነገር አስቡ። በዩኒቨርሳል ክሬዲት ደንብ የወጣቱ ቁጠባ ከ6,000 ፓውንድ ካለፈ ክፍያው ይቀንሳል፤ ከ16,000 ካለፈ ይቋረጣል። ኒሷብ ደርሶ ዓመት የዞረበት ከሆነም በሻፊዒይ፣ በማሊኪና በሐንበሊ መዝሀብ ዘካው በአሳዳጊው በኩል ይወጣል፤ በሐነፊ መዝሀብ በገንዘቡ ላይ ዘካ አይወጣም። የምትከተሉትን ዓሊም ጠይቁ።

ለዑምራ ወይም ዘመድ ጥየቃ ከአገር ስትወጡም ደንብ አለ። ፒፕ ለጊዜያዊ ጉዞ እስከ 13 ሳምንት፣ ዩኒቨርሳል ክሬዲት በአብዛኛው እስከ አንድ ወር ይቀጥላል። ከመነሳታችሁ በፊት አሳውቁ።

፯. ውድቅ ቢደረግስ?

ተስፋ አትቁረጡ። ውሳኔው ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ በአንድ ወር ውስጥ «ማንዳቶሪ ሪኮንሲደሬሽን» የሚባለውን ዳግም ማጣራት ጠይቁ። መልሱ ካላረካችሁ በሌላ አንድ ወር ውስጥ ለገለልተኛው ትራይቡናል ይግባኝ ማለት ይቻላል። ክፍያ የለውም፤ አስተርጓሚም ይመደባል። ትራይቡናሉ የተሰጠውን ሊጨምርም ሊቀንስም እንደሚችል አስታውሱ፤ ስለዚህ ከአማካሪ ጋር ግቡ። ሲቲዝንስ አድቫይስ፣ ሜንካፕና ኮንታክት በነፃ ያማክራሉ። «ቅጹን ሞልቼ ከሚከፈለው ድርሻ እወስዳለሁ» ከሚሉ ሰዎች ተጠንቀቁ።

፰. የመኖሪያ ፈቃድ

ቪዛው ላይ «ኖ ሪኮርስ ቱ ፐብሊክ ፈንድስ» የሚል ገደብ ያለበት ሰው ፒፕም ሆነ ዩኒቨርሳል ክሬዲት ቢጠይቅ የመኖሪያ ፈቃዱን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። ልጁ ዜጋ ሆኖ ወላጅ ይህ ገደብ ካለበት ከማመልከት በፊት የኢሚግሬሽን ሕግ አማካሪ ይጠየቅ። የስደተኝነት ዕውቅና ያገኘ ሰው ግን መብቱ የተጠበቀ ነው። ለፒፕ ካለፉት ሦስት ዓመታት ሁለቱን በአገሩ የመኖር ግዴታም አይመለከተውም።

ደብዳቤ የደረሰው ቤተሰብ ካወቃችሁ ይህን አካፍሉት፤ አብራችሁትም ቅጹ ፊት ተቀመጡ። አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ ለወላጆቻቸው ብርታቱን፣ ለሁላችንም አማናን መወጣትን ይወፍቀን። ወላሁ አዕለም።