አርዲቲ፦ ወባን በአንድ ፕሮቲን የሚያውቀው መመርመሪያ

ድሬዳዋ ውስጥ ትኩሳት የያዘው ሰው ጤና ጣቢያ ሲሄድ ባለሙያዋ ጣቱን ወጋ አድርጋ አንዲት ጠብታ ደም ትወስዳለች። ደሙን በአንድ የፕላስቲክ መመርመሪያ ቀዳዳ ላይ ታሳርፋለች፣ በሌላው ቀዳዳ ጥቂት ፈሳሽ ታንጠባጥባለች፣ ከዚያ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ መጠበቅ ነው። የጤና ባለሙያዎች «አርዲቲ» የሚሉት ፈጣን የወባ መመርመሪያ ይኸው ነው። ሰፋ አድርገን ካየነው ከባዮሴንሰር፣ ማለትም በሕይወታዊ ሞለኪውል አማካይነት ከሚለይ መሣሪያ፣ ወገን ነው፤ የስኳር መለኪያው የሥጋ ዘመዱ ነው።

ደሙ በውስጡ ባለው ሰቅ ላይ እየሰረገ ሲሄድ ደቃቅ የወርቅ ቅንጣት የተሸከሙ አንቲቦዲዎችን ይዞ ይነሳል። ደሙ ውስጥ ፋልሲፓረም የተባለው ገዳይ የወባ ተውሳክ የሚያመነጨው ኤችአርፒ2 የሚባል ፕሮቲን ካለ ይጣበቁበታል። ከፊት ያሉት፣ ሰቁ ላይ የተተከሉት አንቲቦዲዎች ፕሮቲኑን ከነወርቁ ያስቀሩታል፤ ቅንጣቶቹ ሲከማቹ መስመር ይወጣል። መስመሩ ቢጫ ሳይሆን ቀይ ነው፤ ወርቅ ያን ያህል ሲደቅ መልኩን ይቀይራል። ሁለተኛው መስመር መመርመሪያው ራሱ መሥራቱን ያሳያል፤ እሱ ካልወጣ ውጤቱ ውድቅ ነው።

መብራትም ማይክሮስኮፕም አይፈልግም። ለጤና ኬላ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ግን የሚፈልገው ተውሳኩን ሳይሆን ፕሮቲኑን ነው። ስለዚህ ሕመምተኛው ከዳነ በኋላም ለሳምንታት «ወባ አለ» ሊል ይችላል። የባሰው ግን ተቃራኒው፣ ወባ እያለ «የለም» ማለቱ ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 ሙሉ ዓመት 205 የወባ ሕሙማን ብቻ የተመዘገቡባት ድሬዳዋ፣ በ2022 ከጥር እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ብቻ ከ2,400 በላይ መዘገበች። ያውም በደረቁ ወራት! የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩቱ ዶክተር ፍጹም ታደሰና ባልደረቦቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችንና የከተማውን ነዋሪዎች መረመሩ። ተጠያቂ ሆና የተገኘችው አኖፊለስ ስቴፈንሳይ ናት፤ ከእስያ የመጣች፣ ሰው ባጠራቀመው ውኃ፣ በበርሜልና በግንባታ ገንዳ የምትራባ ቢምቢ። በ2023 በ«ኔቸር ሜዲስን» የወጣው ጥናታቸው ሌላም ነገር ገለጠ፦ ከተውሳኮቹ መካከል የኤችአርፒ2 ጂን የጎደላቸው፣ መድኃኒትን ለመቋቋም ከሚረዳ የዘር ለውጥ ጋር የተገኙ ነበሩ። ጂኑ ከሌለ ፕሮቲኑ የለም፤ በሽተኛው እየተንቀጠቀጠ የምርመራው መስመር ላይወጣ ይችላል።

ነገሩ በድሬዳዋ አልጀመረም። ቀደም ሲል በ2021 የታተመ በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ የተሠራ ጥናት፣ ኤችአርፒ2ን ብቻ የሚፈልግ መመርመሪያ ከ100 የፋልሲፓረም ሕሙማን ወደ 10 የሚጠጉትን ሊያመልጠው እንደሚችል ገምቶ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በጂኑ ጉድለት የሚያመልጡት ከ5 በመቶ ካለፉ መመርመሪያው ይቀየር ይላል።

መቀየር ግን የላቦራቶሪ ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ የገበያም ነው። ኤችአርፒ2 በጥቂቱም ቢሆን የሚለይ፣ ሙቀት የሚችል ፕሮቲን በመሆኑ አምራቾች ለረጅም ጊዜ የሙጥኝ ብለውት ኖሩ። ኤልዲኤች የተባለውን ሌላ የተውሳኩን ፕሮቲን የሚፈልግ መመርመሪያ ከሚሠሩት አንዱ የኮሪያው ራፒጅን ነው። ኤልዲኤች ተውሳኩ ለመኖር የሚያስፈልገው ኢንዛይም ስለሆነ በቀላሉ አይጥለውም።