«አቢሲኒያን» ድመት፦ ስሟ የእኛ፣ ጠባይዋ የራሷ

ፈረንጆች በድመት ዝርያ መዝገባቸው ውስጥ የአገራችንን የቀድሞ ስም የሰጧት ድመት አለች፤ «አቢሲኒያን» ይሏታል። ድመት ስትባል አይጥ የምታባርርና ሥጋ ሲከተፍ እግር ሥር የምትጮህ እንስሳ ብቻ ለምትታየን ለእኛ፣ የዘር ሐረግ ወረቀት ተሰጥቷት የምትሸጥ ድመት ቅንጦት ልትመስል ትችላለች። ይሁን እንጂ ውጭ አገር የሚኖሩ ወዳጆቼ «የአገራችን ድመት ናት አሉ፣ አንዷን ልግዛ?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ የማውቀውን ለመጻፍ ተነሣሁ። ሆላንድ ለትምህርት በሄድኩበት ጊዜ ከአንዷ ጋር ሁለት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ኖሬያለሁ።

ከስሟ እንጀምር። በእንግሊዞች ዘንድ የተለመደው ታሪክ እንዲህ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1868 የጄኔራል ናፒየር ጦር መቅደላን ይዞ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ከዘረፈው ብራናና ዘውድ ጋር ድመትም ይዞ ሄደ ይባላል። ጎርደን ስቴብልስ የተባለ የባሕር ኃይል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1874 ስለ ድመቶች ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ «ዙላ» የምትባል ድመት ሥዕል አለ፤ ጦርነቱ ሲያበቃ ከአቢሲኒያ የመጣች መሆኗም ተገልጿል። ዙላ ያ ጦር ከመርከብ የወረደበት የቀይ ባሕር ዳርቻ ስም ነው። ታሪኩ ያምራል። ችግሩ፣ ከዚያች ከዙላ ተነሥቶ እስከ ዛሬዎቹ ድመቶች የሚያደርስ የትውልድ መዝገብ አለመኖሩ ነው።

በሌላ በኩል እዚያው ሆላንድ፣ ላይደን ከተማ በሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ የተገዛ፣ ቆዳው ተሞልቶ የተቀመጠ ይህችኑ የሚመስል ድመት አለ። መለያው ላይ አገሩ ሕንድ ነው ተብሎ ተጽፏል። ከመቅደላ ዘመቻ 30 ዓመት ያህል ቀድሞ መሆኑ ነው። የዘረ መል ጥናቶችም የሚያመለክቱት ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻዎችና ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው። ምናልባትም ከነዚያ ወደቦች በነጋዴ መርከብ ተሳፍራ አውሮፓ ገብታ ይሆናል። ረጅም ጸጉር ያላት እኅቷማ «ሶማሊ» ትባላለች፤ ከሶማሊያ ስለመጣች አይደለም፣ አንዲት አሜሪካዊት አርቢ የአቢሲኒያ ጎረቤት ሶማሊያ ናት ብላ ያወጣችላት ስም ነው። (ጉርብትናችን ድመት ድረስ መድረሱን ልብ ይሏል።)

የአከራዬ ድመት ስሟ ሳባ ነበር። አከራዬ ጡረታ የወጡ መምህርት ሲሆኑ፣ ቤቱን ሊያሳዩኝ የወሰዱኝ ቀን «የአገርህ ልጅ ናት» ብለው አስተዋወቁኝ። ከላይ ያለውን ታሪክ ያን ጊዜ ስለማላውቀው ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። ሳባ ግን አገሯን ልጅ ዘወር ብላም አላየችውም።

መልኳን ያየ ሰው ቶሎ አይረሳትም። ቀጠን ብላ ጡንቻማ፣ ጆሮዋ ትልቅ፣ ዓይኗ የለውዝ ቅርጽ ያለው ነው። የጸጉሯ ነገር ግን ለብቻው ይነገር። አንዲት ዘለላ ነቅለው ብርሃን ላይ ቢያዩ፣ ከሥሩ እስከ ጫፉ ጠቆርና ቀላ ያለ ቀለም እየተፈራረቀ ተቀልሞ ያገኙታል። በሌሎች ድመቶች ገላ ላይ የምናየው ዥጉርጉር መስመር በእርሷ ገላ ላይ የለም፤ መስመሩ በእያንዳንዱ ጸጉር ውስጥ ገብቷል ማለት ይቻላል። እንግሊዞች ድሮ «የጥንቸል ድመት» ይሏት የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ጠባይዋ፣ ጭን ላይ ተኝታ የምታሞቅ ድመት የሚፈልግ ሰው ሌላ ይፈልግ። ሳባ ጭኔ ላይ የተኛችበትን ቀን አላስታውስም። ነገር ግን ከክፍል ክፍል እየተከተለች የምሠራውን ሁሉ ትቆጣጠር ነበር። ሽንኩርት ስከትፍ መደርደሪያው አናት ላይ፣ ስጽፍ ኮምፒዩተሩ ጎን፣ ልብስ ሳጥብ ማሽኑ ላይ ናት። አትጮህም፤ ድምጿ ዝቅ ያለ ነው። መሳቢያ ትከፍታለች፣ የመጋረጃ ዘንግ ላይ ትወጣለች፣ የወረቀት ኳስ ቢወረውሩላት አፏ ውስጥ ይዛ ትመለሳለች። ይህ ሁሉ የሚያስደስት ነው፤ ዋጋው ግን አለ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ወጥቶ ማታ አንድ ሰዓት ለሚገባ፣ ብቻውን ለሚኖር ሠራተኛ ይህች ድመት አትሆንም እላለሁ። ጓደኛ የሌላት አቢሲኒያን ትሰለቻለች፣ የተሰለቸች አቢሲኒያን ደግሞ ቤት ታፈርሳለች። ወይ ሁለት ይያዙ፣ ወይ ይተዉት።

ሳባ አራት ዓመት ሲሞላት ገደማ አንድ ነገር መለወጥ ጀመረ። ሲመሽ ወደ መደርደሪያው መዝለል ተወች። ቀን ቀን እንደ ቀድሞዋ ስለነበረች ማናችንም ልብ አላልነውም። አከራዬ አንድ ቅዳሜ ቁምሳጥን ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ሲያዛውሩ ግን ሳባ ሮጣ መጥታ በግንባሯ አዲሱ ቦታ ላይ ካለው ቁምሳጥን ጋር ተላተመች። የእንስሳት ሐኪሙ መብራት አብርቶ ካያት በኋላ የነገራቸው፣ ዓይኗ ውስጥ ያለው ሬቲና እየሞተ መሆኑንና መድኃኒት እንደሌለው ነበር።

በሽታው በዘር የሚተላለፍ ነው። የሚመጣው ሲኢፒ290 በተባለው ጂን ውስጥ ባለ ጉድለት ሲሆን፣ የታወቀውም እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። የዚሁ ጂን ጉድለት ሰው ላይም ሕፃናትን ዓይነ ስውር የሚያደርግ በሽታ ያስከትላል። በዚያው ዓመት የዘር ካርታዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነብቦ የታተመላት ድመት፣ በሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ የነበረችው ሲናሞን፣ አቢሲኒያን ናት። ድመቷ ስትወለድ ታያለች። ዓመት ተኩል ወይም ሁለት ዓመት ሲሆናት ሬቲናዋ መጎዳት ይጀምራል፤ መጀመሪያ የሚጠፋው የጨለማ እይታ ነው። ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ባለው ዕድሜዋ ብዙውን ጊዜ ትታወራለች። ለመታመም ጉድለቱን ከእናትም ከአባትም መውረስ አለባት፤ ከአንዳቸው ብቻ የወረሰች ጤነኛ ሆና ትኖራለች፣ ለልጆቿ ግን ልታስተላልፍ ትችላለች። ስለዚህ ጤነኛ የሚመስሉ ሁለት ወላጆች የሚታወር ግልገል ሊወልዱ ይችላሉ ማለት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ የቀሩት የዚህ ዝርያ ድመቶች በጣት የሚቆጠሩ ስለነበሩ፣ ጥቂት ዘመዳሞችን እርስ በርስ ማዳቀል ለእንዲህ ዓይነቱ ጣጣ በር ይከፍታል።

አከራዬ አላለቀሱም፤ ወለሉ ላይ ተቀምጠው ለረጅም ጊዜ አሻሿት። ከዚያ ቁምሳጥኑን ወደ ቦታው መለስነው። ምግቧም፣ የምትጸዳዳበት የአሸዋ ሣህንም ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም። ከመንካታችን በፊት ስሟን መጥራት ለመድን፣ በር ገርበብ አድርጎ መተው ቀረ፤ ወይ ይከፈታል ወይ ይዘጋል። ያስገረመኝ ሳባ ቤቱን በቃሏ መያዟ ነው። ከወራት በኋላ የመጡ እንግዶች ዓይነ ስውር መሆኗን አያውቁም ነበር፤ በጢሟና በጆሮዋ እየተመራች ደረጃውን በሩጫ ትወጣ ነበር። ዘንጉን ግን ተወችው። ውስጡ ቃጭል ያለው ኳስ ገዛንላት፣ እርሱንም ይዛ መመለስ አልረሳችም።

ለመግዛት ለሚያስቡ ወዳጆቼ የምለው ይህን ነው። አርቢውን የግልገሏን ወላጆች የሁለቱንም የዘር ምርመራ ውጤት በወረቀት ይጠይቁት፤ አንደኛው ስለ ዓይን በሽታው፣ ሁለተኛው የደም ማነስ ስለሚያመጣው የፓይሩቬት ካይኔዝ እጥረት። ሁለቱም በጉንጭ ናሙና የሚታወቁ ናቸው። ኩላሊት ላይ ፕሮቲን እየተከማቸ የሚጎዳ በሽታም በዝርያው ውስጥ ስላለ፣ በዕድሜ የገፉ ዘመዶቿ በምን እንደሞቱ መጠየቅ ነውር አይደለም። እናቲቱን በዓይንዎ ሳያዩ አይክፈሉ። ከ12 ሳምንት በታች የሆነች ግልገል «ውሰዳት» ካለዎት ደግሞ ሌላ አርቢ ይፈልጉ።