ዓባይን ተሻግሮ የመጣ እንግዳ

አዲስ አበባ ላይ በፌስታል ታስሮ አውቶቡስ የሚሳፈር የጌጥ ዓሣ ደብረ ማርቆስ እስኪደርስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ጉዞውን ግን በኪሎ ሜትር ብቻ አይለኩት። ፍቼንና ጎሐ ጽዮንን በብርድ አልፎ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ከፍታው 1,000 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ሙቀቱ ያፍናል። ደጀን ላይ እንደገና ደጋ ነው። ደብረ ማርቆስ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እኛ በረሃው ላይ ጃኬት አውልቀን፣ ደጀን ላይ መልሰን እንለብሳለን። ዓሣው ግን ያለው አንድ ሊትር የማይሞላ ውኃ ነው።

ቤት ሲደርስ ልጆች ከበው ይጠብቁታል። ስም ይወጣለታል፤ ገንዳው ውስጥ ይገለበጣል፤ ወዲያው ምግብ ይበተንለታል። በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይገኛል። ለአምስት ዓመት ልጅ ይህ የመጀመሪያው ሐዘን ሊሆን ይችላል። ሻጩ «ውኃችሁ ነው» ይላል፤ ገዢው «ሲሸጥልን ታሞ ነበር» ይላል። ብዙ ጊዜ የሚገድለው ግን ጥድፊያ ነው፤ ጥድፊያ ደግሞ ደጋ ላይ ዋጋው ይከብዳል።

ምክንያቱ አየር ነው። ዓሣ የሚተነፍሰው ውኃ ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ነው። በባሕር ወለል ከፍታ 25 ዲግሪ የሞቀ ንጹሕ ውኃ በሊትር 8 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። የአየር ግፊቱ ዝቅ ባለበት በደብረ ማርቆስ ያው ውኃ ከ6 ብዙም አይበልጥም። ሩቡ ጎድሏል ማለት ነው። እዚህ ድስት በ92 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላውም በዚሁ ግፊት የተነሳ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ሱቅ ውስጥ ያዩትን የዓሣ ብዛት ትተው፣ ገንዳዎ ከሚችለው በታች ያኑሩ፤ የአየር ፓምፑም ሌሊትና ቀን ይሥራ። ፓምፑ ጌጥ የሚመስላቸው ሰዎች ድምፁ ሲያስቸግራቸው ማታ ያጠፉታል። ይህን አያድርጉት።

ከፌስታል ወደ ገንዳ

ገና ሲገዙ ሁለት ነገር ይጠይቁ። ዓሣው ከጉዞው በፊት አንድ ቀን ሳይበላ ይዋል፤ የበላ ዓሣ የጉዞውን ውኃ ያቆሽሻል። ፌስታሉ ደግሞ ሲሶው ውኃ፣ የቀረው ኦክስጅን ይሁን፤ በአፍ የተነፋ ትንፋሽ አይበቃውም። በጋዜጣ ጠቅልለው ክዳን ባለው የፎም ሳጥን ካስቀመጡት የበረሃውንም ሙቀት የደጋውንም ብርድ ይቋቋማል። ዓባይ ድልድይ ላይ ፌስታሉ ላላ ቢል አይደንግጡ፤ የአየር ግፊቱ ጨምሮ ነው፤ ደጀን ሲወጡ መልሶ ይወጠራል።

ቤት ሲደርሱ ፌስታሉን እንደታሰረ ገንዳው ላይ ለ15 እና 20 ደቂቃ ያንሳፍፉት፤ ሙቀቱ እኩል ይሁን። ከዚህ በኋላ ያለውን ብዙ ሰው ይስተዋል። በረጅም ጉዞ ከዓሣው የወጣው አሞኒያ ፌስታሉ ውስጥ ይጠራቀማል፤ እስከታሰረ ድረስ ትንፋሹ ውኃውን ስለሚያኮመጥጠው አሞኒያው ብዙም አይጎዳም። ሲፈታ ግን ያ ትንፋሽ ይወጣል፤ አሞኒያውም መርዝ ይሆናል። ስለዚህ ከፈቱት በኋላ ሰዓታት አይፍጁ። የገንዳውን ውኃ በየጥቂት ደቂቃው በትንሽ ኩባያ እየጨመሩለት፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ዓሣውን በመረብ አንሥተው ያስገቡት። የፌስታሉን ውኃ ይድፉት፤ ወደ ገንዳው አይጨምሩ።

ከነባር ዓሦች ጋር ከመቀላቀሉ በፊት ከሁለት እስከ አራት ሳምንት በሌላ ዕቃ ቢቆይ ይመረጣል፤ ማጣሪያ የተገጠመለት ትልቅ የፕላስቲክ ገንዳ ይበቃል። ነጭ ነጥብ የሚባለው በሽታ ጨው የተነሰነሰ መስሎ የሚታየው ቆይቶ ነው፤ ከታየ ደግሞ ገንዳውን በሙሉ ያዳርሳል። የቧንቧ ውኃ ከመጠቀምዎ በፊት ክሎሪኑ እንዲወጣ በተከፈተ ባልዲ አንድ ቀን ያሳድሩት። ገንዳው ራሱ አዲስ ከሆነ ግን ሁሉም ይቆይ፤ አሞኒያን የሚያጠፉት ባክቴሪያዎች እስኪራቡ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል።

ነባሮቹ አዲሱን ያባርሩታል። መብራቱን አጥፍተው ያስገቡት፤ ከዚያ በፊትም ድንጋዮቹንና ተክሎቹን ቦታ ይለዋውጡ። «ይህ የእኔ ነው» የሚሉት ጥግ ሲጠፋባቸው ሁሉም እንግዳ ይሆናሉ።

«አፈር ስሆን» አይሠራም

እንግዳ ሲመጣ «አፈር ስሆን» እያልን የምናጎርስ ሰዎች ነን። ለዓሣ ግን የመጀመሪያው ቀን ጾም ነው። በማግስቱ ትንሽ ቆንጥረው ይስጡት፤ ለነባሮቹ አስቀድመው በአንደኛው ጫፍ፣ ለአዲሱ በሌላው። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ካልጨረሱት በዝቷል። የተረፈው ሲበሰብስ አሞኒያ ከመሆኑም በላይ የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎች ያንኑ የጎደለ ኦክስጅን ይሻማሉ፤ ዓሣው ራሱም ከበላ በኋላ ኦክስጅን የሚፈልገው ከወትሮው አብልጦ ነው። ማታ መብራት አጥፍተው ሊተኙ ሲሉ መመገብ ለዚህ ነው የማይመከረው።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። የምግቡ ቆርቆሮ ላይ «በቀን ሦስት ጊዜ» ብሎ የሚጽፈው ምግቡን የሚሸጠው ድርጅት መሆኑን ልብ ይበሉ። ላደገ ዓሣ በቀን አንድ ጊዜ ይበቃል፤ በሳምንት አንድ ቀን ባይበላም አይጎዳም። ዳቦና እንጀራ ግን በፍጹም። ልጆች መመገብ ከፈለጉ የዕለቱን ድርሻ ጠዋት በትንሽ ክዳን ለክተው ይስጧቸው፤ ክዳኑ ባዶ ከሆነ ዓሣው በልቷል ማለት ነው። አያትም፣ ሠራተኛም፣ እንግዳም ሳይነጋገሩ ደጋግመው የሚመግቡበት ቤት በዚህ መላ ይድናል።

መብራት ሲጠፋ ምግብ ያቁሙ። ከገንዳው በኩባያ እየቀዱ ከፍ አድርገው መልሰው ያፍስሱ፤ አየር ያስገባል። በባትሪ የሚሠራ ፓምፕ ከተገኘ ይግዙት። ሙቀት ለሚሹ እንደ ጋፒ ላሉ ዓሦች ገንዳውን በጋቢ መጠቅለል ይረዳል፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ። ጎልድፊሽ ብርድ ይችላል፤ ቀዝቃዛ ውኃ ኦክስጅን ስለሚይዝም ለደብረ ማርቆስ ይስማማል። ግን ከአንድ ስንዝር በላይ ሊያድግ የሚችል ዓሣ ነውና በብርጭቆ ጎድጓዳ አይኑር።

ኔሞስ?

እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣውን ፊልም ያየ ልጅ ሁሉ ኔሞን ይጠይቃል። ኔሞ ክላውንፊሽ ነው፤ ዘመዱ ከእኛ ብዙም ሳይርቅ በቀይ ባሕር ኮራሎች መካከል ይኖራል። የባሕር ገንዳ ደብረ ማርቆስ ላይ አይቻልም አልልም፤ ነገር ግን በሊትር 35 ግራም ያህል ልዩ የባሕር ጨው ያስፈልገዋል። የወጥ ቤት ጨው አይተካውም፤ ኮራል የሚሠራበት ካልሲየምና ማግኒዚየም የለውም። ጨዋማ ውኃ ደግሞ ከንጹሑ ያነሰ ኦክስጅን ስለሚይዝ የደጋው ጉድለት ይደራረባል። መብራት ለሚቆራረጥበት ቤት አልመክረውም። በሁለት ጎልድፊሽ ወይም በጥቂት ጋፒዎች መጀመር ይሻላል።

ቤተሰቡ ከተማ ቢቀይር ወይም ዓሣው ገንዳው ቢጠበውስ? ጨሞጋ ወንዝ ላይ መልቀቅ ደግነት ይመስላል። ጋፒው በብርዱ ይሞት ይሆናል፤ ጎልድፊሹ ግን ሊራባ፣ በሽታም ሊያዛምት ይችላል፤ ጨሞጋም መድረሻው ዓባይ ነው። ጣናን ያስጨነቀው እምቦጭ በሌላው ዓለም ለአበባው ውበት ሲባል በየኩሬው የተተከለ ነበር። በዚያው ሐይቅ የትም የማይገኙ ከደርዘን በላይ የባርበስ ዓሣ ዝርያዎች አሉ። ዓሣዎን ገንዳ ላለው ጎረቤት ወይም ለትምህርት ቤት ይስጡ፤ ሲሰጡም ከቆርቆሮው ጋር የመለኪያውን ክዳን ይጨምሩበት።