ሕፃንን በብርድ ወራት ስለ ማንሸራሸር

በጥር ወር በሰሜን ኤውሮፓ ከተሞች የሚያልፍ የአገራችን ሰው እጅግ ከሚያስደንቁት ነገሮች አንዱ፤ በረዶ በለበሰው መንገድ ዳር፤ ከቡና ቤት ደጅ ተሰልፈው የሚቆሙት የሕፃናት ጋሪዎች ናቸው። በየጋሪው ሕፃን ተኝቷል፤ እናቲቱም ከውስጥ ሆና በመስተዋቱ እያየች ቡናዋን ትጠጣለች። ይህ ለዴንማርክ፤ ለስዊድንና ለፊንላንድ ሰዎች የቆየ ልማድ ነው። ለሌላው ግን እንዲህ አይደለም፤ በ1989 ዓ.ም. አንዲት የዴንማርክ ሴት በኒውዮርክ ከተማ ልጅዋን በጋሪ እንዳለ ከምግብ ቤት ደጅ ብታቆም ፖሊስ ይዞ አሰራት።

ስለዚህ ነገር እንድንጽፍ ያደረገን በስቶክሆልም ከምትኖር አንዲት ወገናችን የደረሰን ደብዳቤ ነው። በታኅሣሥ ወር ወንድ ልጅ ብትወልድ እናቷ ሊያርሷት ከአዲስ አበባ መጡ። ሕፃኑ ሁለት ሳምንት በሞላው ጊዜ ነርሷ መጥታ መዘነችውና «ደኅና ነው፤ አሁን ወደ ውጭ አውጪው» አለች። አያቲቱ ይህን በሰሙ ጊዜ ነጠላቸውን አጣፍተው ከበሩ ላይ ቆሙና፤ «አርባ ቀኑ ሳይሞላ፤ ክርስትና ሳይነሣ፤ ለዚህ ውርጭ አሳልፌ አልሰጠውም» አሉ። ልጅቱም ሦስት ቀን ሙሉ ተጨንቃ፤ «እናቴን ላሳዝን ወይስ ልጄን ልበድል?» ብላ ጻፈችልን።

እኛ በአያቲቱ አንስቅም። የሳንባ ምች የስንቱን ቤት ልጅ እንደ ወሰደ ያየ ሰው ነፋስን ቢፈራ አይፈረድበትም። ነገር ግን ይህ ፍርሃት ሌላ ፊት አለው። በዚያው በ1989 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተደረገ የሐኪሞች ምርመራ ታትሞ ነበር፤ ሳንባቸውን ከታመሙት 500 ሕፃናት መካከል 210ሩ ሪኬትስ የሚባለው የአጥንት መለስለስ ሲገኝባቸው፤ ሳንባቸውን ካልታመሙት 500 ሕፃናት ግን በ20ዎቹ ብቻ ተገኘ። ይህ በሽታ ፀሐይ ከማጣት የሚመጣ ነው። የጎን አጥንት ሲለሰልስ መተንፈስ ይደክማልና፤ ከምች ለማዳን ተብሎ በጨለማ ጓዳ ተሸፍኖ የሚያድገው ልጅ ለዚያው ለምች ይጋለጣል። ፀሐይ በሞላበት አገር ይህ መሆኑ የሚያሳዝን ነው።

ይሁን እንጂ የስቶክሆልም ፀሐይ እንደ እኛ ፀሐይ አይደለችም። በታኅሣሥ ስድስት ሰዓት ያህል ብቻ ዝቅ ብላ ታይታ ትጠልቃለች፤ በገላም ላይ ቪታሚን ዲን ልታበጅ አትችልም። ስለዚህ በስዊድን ሕፃን ሁሉ ከተወለደ ከአንድ ሳምንት ጀምሮ እስከ ሁለት ዓመቱ በየቀኑ 10 ማይክሮግራም በጠብታ ይሰጠዋል፤ መልካቸው ለጠቆረ ልጆቻችን ይልቁንም ያስፈልጋቸዋል። ሽርሽር የጠብታው ምትክ አይደለም። የሽርሽሩ ጥቅም ሌላ ነው፤ በፊንላንድ በኡሉ ከተማ የተጠየቁ ወላጆች ልጆቻቸው ከቤት ይልቅ በውጭ ረዘም ያለ እንቅልፍ እንደሚተኙ ተናግረዋል። እናቲቱም እግርዋን ታፍታታለች፤ ሰው ታያለች፤ በዚያ ረጅም ጨለማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አለባበሱ ግን ጥንቃቄ ይሻል። አራስ ልጅ እንደ ትልቅ ሰው ተንቀጥቅጦ ራሱን ሊያሞቅ አይችልም፤ ጋሪውን የሚገፋው ሰው በመራመዱ ሲሞቀው እርሱ ተጋድሞ ይበርደዋል። ከገላው ስስ የሱፍ ልብስ፤ ከላይ ወፍራም ልብስ፤ ከጀርባው በታች ደግሞ የበግ አጎዛ ቢሆን መልካም ነው፤ አጎዛን ስዊድኖችም ይወዱታል፤ በዚህስ አያቲቱና ነርሷ ሳይመካከሩ ተስማምተዋል። ብርድና ሙቀቱን ለማወቅ የሚዳሰሰው አንገቱ እንጂ እጁ አይደለም፤ እጅ ቀዝቅዞ ገላ ሊሞቅ ይችላልና። በጀርባው ይተኛ፤ የጋሪው አፍ በብርድ ልብስ አይታፈን፤ ከሱቅ ሲገቡም ልብሱ ይፈታለት። መጀመሪያው ቀን ሩብ ሰዓት ይበቃል። በፊንላንድ ብርዱ ከዜሮ በታች ከ10 ዲግሪ ሲያልፍ ትንሹን ሕፃን ከቤት ማቆየት የተለመደ ምክር ነው። ያለ ቀኑ የተወለደ ወይም የታመመ ልጅ ግን ሐኪም ሳይጠየቅ አይወጣም።

አንድ ነገር እንጨምር። በክረምታቸው አርኤስቪ የሚባለው ተላላፊ የሳንባ በሽታ ይበዛል፤ ለጥቂት ወር ሕፃናትም አደገኛ ነው። የሚመጣው ግን ከንጹሕ አየር ሳይሆን ከሚያስለው ሰው ነው። እንግዲህ አያቲቱ በር ላይ መቆማቸው ደግ ነበር፤ መከልከል የነበረባቸው ግን የሚወጣውን ጋሪ ሳይሆን፤ እያሳለ ገብቶ ሕፃኑን የሚስመውን አራስ ጠያቂ ነው።

ይህን ጽፈን ብንልክ በየካቲት መልስ መጣልን። የመጀመሪያው ቀን ጉዞ እስከ ዳቦ መሸጫው ብቻ ነበር። አያቲቱ አብረው ወጥተው በመንገድ ሦስት ጊዜ ጋሪውን አስቁመው አንገቱን ዳሰሱ፤ ሦስቱንም ጊዜ ሞቆት አገኙት። አሁን ጋሪውን ራሳቸው ይገፋሉ፤ ልጅቱ ከኋላ ትከተላለች።