«ደክመዋል፣ ይቅርባቸው» ከማለታችን በፊት፦ የአረጋውያን አቅምና የዳሌ ቀዶ ጥገና

በካምፕ የሚኖር ብዙ ቤተሰብ ይህን ታሪክ ያውቀዋል። እናት ዳሌያቸውን ያማቸዋል። መጀመሪያ ምርኩዝ ያዙ፣ ቀጥሎ ገበያ መውጣት ተዉ፣ አሁን ሌሊት ሽንት ቤት ለመሄድ ሰው ይቀሰቅሳሉ። ሐኪሙ «መገጣጠሚያው አልቋል፣ መቀየር አለበት» ይላል። ጎረቤት ደግሞ «በዚህ ዕድሜያቸው? ደክመዋል እኮ፣ ይቅርባቸው!» ይላል።

ጎረቤት የተናገረው ግማሽ እውነት ነው። ሐኪሞችም ከቀዶ ጥገና በፊት ድካምን ያያሉ። ነገር ግን ድካምና ዕድሜ አንድ አይደሉም፤ ልዩነቱን ማወቅ የአንድ ሰው ሕይወት ሊወስን ይችላል።

ቀዶ ጥገናው ምንድን ነው?

የጭን አጥንት ክብ ጫፍ ዳሌ ላይ ባለው ጎድጓዳ ውስጥ ይዞራል። በመካከላቸው ያለው ልስልስ አካል ሲያልቅ አጥንት ከአጥንት ይፋተጋል፤ ሕመሙ ከዚያ ነው የሚመጣው። ሐኪሙ የተበላሸውን ጫፍ ቆርጦ በብረት ወይም በሴራሚክ ይተካል፣ ጎድጓዳውንም በአዲስ ይለብጠዋል። ለዛሬው አሠራር መሠረት የጣሉት እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቻርንሊ ናቸው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው።

«ደካማ» የሚባለው ማነው?

እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካዊቷ ሐኪም ሊንዳ ፍሪድና ባልደረቦቻቸው 5 ምልክቶችን አስቀመጡ፦

• ሳያስቡት በአንድ ዓመት ውስጥ 4.5 ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ መክሳት
• ሁልጊዜ ድካም መሰማት
• የእጅ ጭብጥ መላላት
• አረማመድ መዘግየት
• እንቅስቃሴ መቀነስ

3 እና ከዚያ በላይ ያለበት ሰው ደካማ ይባላል። 1 ወይም 2 ያለበት ወደዚያው እያዘነበለ ነው። ስለዚህ የ80 ዓመት አዛውንት ከነዚህ አንዱም ላይኖርባቸው ይችላል፤ በ66 ዓመታቸው አራቱ ያለባቸውም አሉ።

ድካሙ በውጤቱ ላይ ምን ያመጣል?

ሰውነት ለክፉ ቀን ያስቀመጠው ስንቅ አለው። ቀዶ ጥገና፣ ማደንዘዣና የደም መፍሰስ ከዚያ ስንቅ ላይ ይወስዳሉ። ጠንካራ ሰው ያጣውን ይተካል፤ የደከመ ሰው ግን መጀመሪያውኑ ስንቁ ትንሽ ነው። ስለዚህ የሳንባ ምች፣ የቁስል ኢንፌክሽንና የደም መርጋት ይበልጥ ያሰጉታል። ከቀዶ ጥገና በኋላ ለቀናት መቀባዠርና ቤተሰብን አለመለየትም ሊመጣ ይችላል። ይህ ድንገተኛ የሕክምና ችግር ስለሆነ «አበዱ» ወይም «ጃጁ» ብላችሁ አትለፉት፤ ወዲያው ለነርስ ንገሩ። ሆስፒታል የሚቆዩበት ጊዜ ይረዝማል፣ ተመልሰው የሚገቡትና የሚሞቱትም ይበዛሉ።

ታዲያ ይቅርባቸው ማለት ነው? አይደለም። የደከሙ ሰዎችም ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሕመማቸው ይቀንሳል፣ ብዙዎቹም የተሻለ ይራመዳሉ። ድካሙ የሚጠይቀው ተጨማሪ ዝግጅትና ክትትል ነው።

መቼ እንዘጋጅ፣ መቼ እንቸኩል?

ያረጀ መገጣጠሚያ ጊዜ ይሰጣል። ሳምንታቱን ተጠቀሙባቸው። ሐኪም ካልከለከለ በቀን ጥቂት ጊዜ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ በደጅ ትንሽ መራመድ የእግር ጡንቻን ያጠነክራል። የደም ማነስና ስኳር ይመርመሩ። ራሽን በተቀነሰበት ሰዓት ስለ ምግብ ማውራት ቀልድ ሊመስል ይችላል፤ ግን እናቶች ድርሻቸውን ለልጅ ልጅ እንደሚያጎርሱ ሁላችንም እናውቃለን። ያለችውን ክክ፣ ባቄላ ወይም እንቁላል እሳቸው ራሳቸው መብላታቸውን እዩ።

ስብራት ግን ሌላ ነው። አረጋዊ ወድቀው መቆም ካቃታቸው፣ እግራቸው አጥሮ ወደ ውጭ ከዞረ ወደ ወጌሻ አትውሰዱ፣ አታሹ። ሕክምናው በ48 ሰዓት ውስጥ ቢደረግ ይመረጣል። ዳሌያቸው ከተሰበረ አረጋውያን መካከል በአንድ ዓመት ውስጥ ከ4ቱ አንዱ ያህል ይሞታሉ፤ መዘግየት ደግሞ ያብሰዋል። እዚህ ላይ «መጀመሪያ ይጠንክሩ» ማለት አያስኬድም፤ አልጋ ራሱ ያደክማል። በአንድ ጥናት ጤነኛ አረጋውያን 10 ቀን ሲተኙ ከእግራቸው ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ ጡንቻ አጥተዋል።

የእናንተ ቃል ዋጋ አለው

ብዙ ሐኪሞች ድካምን ከ1 እስከ 9 ባለው መለኪያ ይመዝናሉ። መለኪያው የሚጠይቀው ሰውየው ከመታመሙ 2 ሳምንት በፊት እንዴት እንደነበረ ነው። አልጋ ላይ የተኛ ሰው ሁሉ ደካማ ይመስላልና! በዩኤንኤችሲአር መመሪያ ውድ ሕክምናን የሚያየው የሪፈራል ኮሚቴ የመዳን ተስፋንና ወጪን ይመዝናል። ስለዚህ «አርጅተዋል» ብላችሁ አትቁሙ። ከመውደቃቸው በፊት እንጀራ ይጋግሩ ነበር? ብቻቸውን ይታጠቡ ነበር? ያለ ሰው እርዳታ እስከ የት ይሄዱ ነበር? በግልጽ ንገሩ፣ እንዲጻፍም ጠይቁ። አታጋንኑ፣ አትደብቁም፤ ሐኪሙ እውነቱን ካላወቀ የሚጎዱት እሳቸው ናቸው።

ከቀዶ ጥገና በኋላ

በማግስቱ ተደግፈው እንዲነሱ ይበረታታሉ። «ይረፉ» እያላችሁ አታስተኟቸው። ሐኪሙ እስኪፈቅድ ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ መቀመጥና ቁጢጥ ማለት አዲሱን መገጣጠሚያ ሊያወልቀው ይችላል። የካምፑ ሽንት ቤት ቁጢጥ የሚያስብል ከሆነ፣ ከመውጣታቸው በፊት መሐሉ የተከፈተ ከፍ ያለ ወንበር አሠሩላቸው። የድንኳን ገመድና ጀሪካን ከመንገዳቸው አንሱ፣ ሌሊት መብራት አይጥፋ።

የቀዶ ጥገናው ቀጠሮ ሲመጣም ሐኪሙን እነዚህን ጠይቁ፦ የድካማቸው መጠን ስንት ነው? ቀዶ ጥገናው ቢቀር ምን ይጠብቃቸዋል? ቢደረግስ ወደ ካምፕ ሲመለሱ ማን ይከታተላቸዋል? ከሁሉ በፊት ግን እሳቸውን ራሳቸውን ጠይቁ። ዳሌው የእሳቸው ነው።