ሰርቮ፦ ክፍሉ የሚነቀልለት የብራውዘር ሞተር

ብራውዘር የድረ ገጽ መመልከቻ መሆኑን ሁሉ ያውቀዋል፤ በስተጀርባው ሆኖ ኮዱን አንብቦ ገጹን የሚሥለው ግን ሞተሩ ነው። ከሞተሮቹ መካከል ከሚገባው በታች ተወድሶ የቀረው ሰርቮ ነው፤ እርሱም በ2012 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የፋየርፎክስ ብራውዘር ሠሪ በሆነው በሞዚላ ተጀምሮ፣ ሞዚላ በ2020 ባለሙያዎቹን ባሰናበተ ጊዜ ወደ ሊኑክስ ፋውንዴሽን የተሻገረ፣ ከ2023 ወዲህም ኢጋልያ የተባለው የስፔን ድርጅት ዋናውን ሥራ የያዘለት፣ ራስት በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ነው።

ብሉቱዝ፣ የጌም መጫወቻ እጀታ፣ ዓይን ላይ የሚጠለቅ የምናባዊ እውነታ (ቪአር) መነጽር፣ እነዚህን የሚያዝዘው ኮድ ለሁሉ አስፈላጊ አይደለምና ሰርቮን በራሱ መሣሪያ ውስጥ የሚያስገባ ሰው የማይፈልገውን ሳይጨምር መገንባት እንዲችል አዘጋጆቹ ክፍሎቹን በየተራ ተነቃይ ማድረጋቸው ትልቅ ጥበብ ነው።

በዚህ ነገር ላይ የተስፋፋ አንድ ስሕተት አለ። እዚህ አረቅጥ ስልካቸውን ለጥገና ይዘው የሚመጡ ወጣቶች በሴቲንግ የተዘጋ ነገር ሁሉ ከስልኩ የወጣ ሲመስላቸው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ይባስ ብሎ አንዳንድ ፕሮግራም ጸሐፊዎችም እንዲሁ ያስባሉ። የእንሰትን ቅጠል የቆረጠ ሰው እንሰቱን ነቀልሁ አይልም፤ አሚቾው፣ ማለትም ግንደ ሥሩ፣ ከመሬት ውስጥ ሳለ ተመልሶ ያቆጠቁጣልና። በሴቲንግ የተዘጋው ክፍልም ኮዱ በፋይሉ ውስጥ እንዳለ ነው፤ ቦታ ይይዛል፤ በውስጡ ያለው እንከንም አብሮት ይኖራል። በግንባታ ጊዜ የተተወው ግን ካርጎ የተባለው የራስት መገንቢያ ጨርሶ አያጠናቅረውም፤ የጌም እጀታውን ለማንበብ ሲባል ብቻ የሚመጣው ጊልርስ የተባለው ላይብረሪም አብሮ ይቀራል።

የነገሩ ረቂቅ ምሥጢር ግን ከዚህ ያልፋል። የክፍሉ ግብር ወጥቶ ስሙ ብቻ ቢቀር ከቀድሞው የከፋ ይሆናል፤ ድረ ገጽ «ብሉቱዝ አለህን?» ብሎ ሞተሩን የሚጠይቀው ስሙን በመፈለግ ነውና፣ ስሙን ካገኘ አለ ብሎ ያምናል፣ ቁልፉንም ለአንባቢው ያሳያል፣ አንባቢው ቢጫነው ግን ምንም አይሆንም። ስለዚህ ጠንቃቃው ሠራተኛ መሣሪያውን የሚያዝዘውን ኮድ ብቻ ሳይሆን ለገጹ የሚገለጠውን ስም ጭምር ያወጣል፤ ድካሙም በዚህ ላይ ነው፤ ስሙ በብዙ ፋይሎች ተበትኖ ይገኛልና።

የባትሪው ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። ገጾች የስልክን ባትሪ መጠን እንዲያነቡ የተፈቀደው ለበጎ ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን በ2015 ተመራማሪዎች በዚያው ቁጥር ሰውን መከታተል እንደሚቻል ገለጡ፤ ፋየርፎክስም በ2017 በ52ኛው እትሙ ከገጾች አራቀው። አስቀድሞ መኖሩን ይጠይቅ የነበረ ገጽ ያን ጊዜ ያለ ሁከት ሥራውን ይቀጥላል፤ ሳይጠይቅ የጠራው ግን ይሰናከላል።

ስለዚህ ገጽ የምትጽፉ ወጣቶች ሆይ፣ የብራውዘሩን ስም አይታችሁ «ይህ ሁሉን ይችላል» አትበሉ፤ የምትፈልጉትን ክፍል በስሙ ጠይቁ፣ የለም ቢላችሁም ሌላ መንገድ አዘጋጁ።