ሰዓቱን የሳተ ብልጭታ

ቫልኩር በካናዳ አገር፣ በኬቤክ ክፍለ ሀገር የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1934 ዓ.ም. ክረምት፣ በዚህች ከተማ ይኖር የነበረው ጆሴፍ አርማንድ ቦምባርዲዬ የተባለ መካኒክ የሁለት ዓመት ልጁ ሆዱን በጽኑ ታመመበት። መንገዱ ሁሉ በበረዶ ተዘግቶ ስለ ነበር አባት ልጁን ሐኪም ቤት ሊያደርሰው አልቻለም፤ ሕፃኑም ሞተ።

ቦምባርዲዬ ገና የ15 ዓመት ልጅ ሳለ፣ በ1922 ዓ.ም. የአሮጌ ፎርድ መኪና ሞተር ገጥሞ በበረዶ ላይ የሚሄድ መንሸራተቻ ሠርቶ ነበር። ከልጁ ሞት በኋላ ሥራውን አጥብቆ ያዘ። በ1937 ዓ.ም. ተሽከርካሪን በበረዶ ላይ የሚነዳ የቀበቶ አሠራር በስሙ አስመዘገበ፤ በ1959 ዓ.ም. ደግሞ አንድ ወይም ሁለት ሰው የምትጭነውን ትንሿን ስኪ ዱ ለገበያ አወጣ። ስኖውሞቢል የሚባለው የበረዶ ሞተር በሰሜኑ ዓለም እንደ በቅሎ የሚያገለግል የዘወትር መጓጓዣ ሊሆን የበቃው ከዚያ ወዲህ ነው።

ውድ አንባቢ፣ «በረዶ በሌለበት አገር ለምኖር ለእኔ ይህ ምን ይበጀኛል?» ይሉ ይሆናል። ነገር ግን የብዙዎቹ አሮጌ ስኖውሞቢሎች ሞተር በከተማችን ጎዳና ሲንጣጣ ከሚሰሙት ከአሮጌው ቬስፓ ሞተር ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። የአንዱን በሽታ ያወቀ የሌላውንም ለማወቅ አይቸገርም።

እንግዲህ አንድ ሰው አሮጌ ስኖውሞቢል ገዝቶ ክረምቱ ሳይገባ ሞተሩን ፈታ እንበል። ፒስተኑን ለወጠ፣ ኩሽኔታውን ለወጠ፣ ሁሉንም አጥቦ መልሶ ገጠመ። ገመዱን ቢስብ ሞተሩ አልነሣ አለው፤ ወይም ገመዱን ከእጁ መንጭቆ ወደ ኋላ መለሰበት፤ ወይም ተነሥቶ ጉልበት አጣ። ሰውየው ተናድዶ ሌላ አዲስ ዕቃ ለመግዛት ወደ ሱቅ ይሮጣል። እርስዎ ግን አይሩጡ። እንዲህ ያለ ሞተር ብዙ ጊዜ የሚፈልገው መለኪያ እንጂ ገንዘብ አይደለም።

ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ ለመረዳት ልጆች ዥዋዥዌ ሲጫወቱ ያስቡ። ገፊው ልጅ ዥዋዥዌው ወደ እርሱ በመምጣት ላይ ሳለ ቢገፋ የገዛ እጁን ይጎዳል፤ ካለፈ በኋላ ቢገፋ ደግሞ ነፋስ ይገፋል። የካንዴላ ብልጭታም እንደዚሁ ነው። ፒስተኑ ቤንዚንና አየሩን አምቆ ወደ ላይ ሲወጣ ብልጭታው ያቀጣጥለዋል። ነዳጁ ግን በአንድ ቅጽበት ነዶ አያልቅም፤ እሳቱ የሚዛመትበት ጥቂት ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ብልጭታው ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ መምጣት አለበት። በደቂቃ 6,000 ጊዜ በሚዞር የእንዲህ ያለ ሞተር ሲሊንደር ውስጥ ብልጭታው በሰከንድ 100 ጊዜ ይመጣልና፣ ለዓይን የማያስታውቅ ስሕተት ለሞተሩ ትልቅ ነገር ነው።

ብልጭታው ሲቸኩል ሞተሩ ገመዱን ወደ ኋላ ይመልሳል፣ ይንኳኳል፣ ከመጠን በላይ ይግላል፤ እየቆየም የፒስተኑን አናት እስከ መብሳት ይደርሳል። ሲዘገይ ደግሞ ሞተሩ ይለግማል፣ ጉልበት ያጣል፣ የጭስ መውጫው ቧንቧም ይግላል።

ምርመራውን በቅደም ተከተል ያድርጉ። በመጀመሪያ ካንዴላውን ይፍቱ። ይህም ሞተሩ ሳይታሰብ እንዳይነሣ ይጠብቅዎታል፤ በእጅ ማዞሩንም ያቀልልዎታል።

ሁለተኛ፣ ከባዱን የሚሽከረከር ጎማ መሰል ብረት፣ መካኒኮች ቮላኖ የሚሉትን፣ አውጥተው ከሥሩ ያለችውን የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላት ትንሽ ብረት ይመልከቱ። የእርሷ ሥራ ቮላኖውን በትክክለኛው ቦታ ማስቀመጥ ነው፤ ጉልበቱን የሚሸከመው በደንብ የጠበቀው ዳዶና የሾጠጠው ዘንግ ነው። ዘንጉ ዘይት ነክቶት ከተገጠመ ወይም ዳዶው ካልጠበቀ፣ ቮላኖው ይንሸራተትና ይህችን ትንሽ ብረት ይቆርጣታል። ያን ጊዜ ብልጭታው ሁሉ ከሰዓቱ ይወጣል። ስንት ሰው የዚህችን ርካሽ ብረት ስብራት ሳያይ ካርቡራቶር ለውጧል!

ሦስተኛ፣ ፑንቲናውን ይመርምሩ። ፑንቲና ማለት እየተከፈተች ብልጭታውን የምታስነሣ የኤሌክትሪክ በር ናት። አዲስ ብትሆንም እንኳ ዘይት ወይም የእጅ ቅባት ነክቷት ይሆናልና በንጹሕ ወረቀት ያጽዷት። ሙሉ በሙሉ ስትከፈት የሚኖራትንም ክፍተት በስስ የብረት ቅጠል ይለኩ፤ በብዙዎቹ የዚያ ዘመን ሞተሮች ከ0.35 እስከ 0.45 ሚሊሜትር ነው። ክፍተቱ ሲሰፋ ብልጭታው ይቀድማል፣ ሲጠብ ይዘገያል። ስለዚህ አስቀድመው ክፍተቱን፣ ከዚያ በኋላ ሰዓቱን ያስተካክሉ፤ ቅደም ተከተሉን ከገለበጡት ድካምዎ ከንቱ ይሆናል።

አራተኛ፣ ሰዓቱን ይለኩ። በካንዴላው ቀዳዳ ባለ መርፌ መለኪያ አስገብተው ፒስተኑ ጫፍ የደረሰበትን ቦታ ይፈልጉ፤ መርፌው ቆሞ መመለስ የሚጀምርበት ነው። እዚያ ላይ ዜሮ ያድርጉት። ከዚያ ሞተሩን ወደ ኋላ አልፈው ያዙሩና፣ በሚሠራበት አቅጣጫ ቀስ ብለው እየመለሱ የአምራቹ መጽሐፍ በሚያዘው ሚሊሜትር ላይ ያቁሙት። ፑንቲናዋን ከቦቢና የሚያገናኘውን ሽቦ ነቅለው በባትሪና በትንሽ አምፑል ይሞክሯት፤ ተዘግታ ሳለች አምፑሉ ይበራል፣ በምትከፈትበት ቅጽበት ይጠፋል። መጥፋት ያለበት በተወሰነው ሚሊሜትር ላይ ነው። ዘግይቶ ከጠፋ፣ ፑንቲናዋ የተቀመጠችበትን ሳሕን ከሞተሩ ዙር በተቃራኒ ጥቂት ያዙሩ፤ ቀድሞ ከጠፋ ወደ ዙሩ አቅጣጫ። ሁለት ሲሊንደር ካለው ለእያንዳንዱ ይድገሙት። በአንዳንድ ሞተሮች ብልጭታውን በዙሩ ፍጥነት የሚያስቀድም ክንፍ መሰል ክብደት አለና፣ ሲለኩ እርሱን በእጅ ከፍተው ይያዙ፤ መጽሐፉ ይነግርዎታል።

በዛሬዎቹ ስኖውሞቢሎች ፑንቲና የለም፤ ይህን ሥራ የሚሠራው ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ነው። ቢሆንም የቮላኖዋ ትንሽ ብረት በብዙዎቹ ዘንድ ዛሬም አለች፤ ስትሰበርም ያው መዘዝ ይመጣል።

ይህን ሁሉ አድርገው ሞተሩ አሁንም ያለ ልክ ቢግል፣ ሰዓቱን ደጋግመው አይነካኩ፤ በዘንጉ ጫፍና ጫፍ ካሉት የጎማ መዝጊያዎች አየር ይገባ እንደ ሆነ ይመርምሩ። ተፈትቶ በተገጠመ ሞተር ላይ ይህ የተለመደ ሕመም ነው፤ ምልክቱም ከቸኮለ ብልጭታ ምልክት ጋር ይመሳሰላል።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። በመጋዘን ውስጥ አንድ ሰዓት በመለካት ያሳለፈ ሰው በበረዶው መካከል፣ ከሰው መንደር ርቆ፣ በመሸበት ሰዓት ሞተር ሲቆምበት የሚሆነውን አስቀርቷል። በዚያ ብርድ ውስጥ የቆመ ሞተር ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ነፍስም ያስከፍላል። ቦምባርዲዬ ያን ሁሉ ዓመት የደከመው ሰው በጊዜው ሊደርስ ወደሚገባው ቦታ በጊዜው እንዲደርስ ነበርና፣ በእርሱ መንገድ የተሠራን ሞተር የሚጠግን ሰውም ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ይህንኑ ነው፤ ብልጭታው በጊዜው ደርሷልን?